ከምዛር እስከ ኳዛር

ራያ ውስጥ፣ ዋጃ ላይ በግንቦት ወር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፊቱን ወደ አላማጣ የመለሰ ሰው ታላቋ ድብ የምትባለውን የሰባት ደማቅ ከዋክብት ስብስብ ከሰሜኑ አድማስ ከፍ ብላ ያገኛታል። ከጭራዋ ጫፍ ሁለተኛው ኮከብ ምዛር ነው። ዓይኑ የበረታ ሰው ምዛርን ተጠግታ የምትታየውን ደብዛዛዋን አልኮርን ይለያል። በቴሌስኮፕ ሲያዩት ደግሞ ምዛር ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ይህ ትረካ የሚነሳው ግን በተገኘበት ዘመን የነበረ ቴሌስኮፕ ሁሉ ሊለየው ካልቻለው ሌላ ጥንድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1814 ጀርመናዊው የመስታወት ባለሙያ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ሲበትን በቀለማቱ መካከል ጥቋቁር መስመሮች አየ። ከ500 በላይ ቆጥሮ መዘገባቸው፤ ምን እንደሆኑ ግን ሳያውቅ ሞተ። በ1842 ክርስቲያን ዶፕለር የሚንቀሳቀስ ነገር ብርሃኑም ድምፁም ለተመልካቹ እንደሚለወጥ ጻፈ። ከወልድያ ወደ መቀሌ የሚበር ከባድ መኪና ክላክሱን እየነፋ ዋጃን ሲያቋርጥ ድምፁ ቀጥኖ መጥቶ፣ ካለፈ በኋላ ወፍሮ እንደሚሰማው ሁሉ፣ ወደ እኛ የሚመጣ ኮከብ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው፣ የሚርቀው ደግሞ ወደ ቀዩ ይሸሻሉ። በ1859 ሃይደልበርግ ላይ ኪርሆፍና ቡንዘን የፍራውንሆፈርን እንቆቅልሽ ፈቱት፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት፣ ከሌላው ጋር አይምታታም። እንግዲህ ብርሃንን የበተነ ሰው ነገሩ ከምን እንደተሠራም፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድም ያውቃል ማለት ነው። መልኩን ማየት ግዴታው አይደለም።

የሃርቫርድ መርማሪዎች በዚህ ዘዴ የተበተነውን የከዋክብት ብርሃን በመስታወት ሰሌዳ ላይ ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ሰሌዳዎቹን የሚያነብቡት በሰዓት 25 ሳንቲም የሚከፈላቸው ሴቶች ነበሩ። በመጋቢት 1887 በተነሳው የምዛር ሰሌዳ ላይ «ኬ» የተባለው የካልሲየም መስመር ሁለት ሆኖ ታየ። በሌሎች ሌሊቶች በተነሱት ላይ ግን አንድ ነው። የተቋሙ ኃላፊ ኤድዋርድ ፒከሪንግ ጉዳዩን ለአንቶኒያ ሞሪ ሰጣት። ሞሪ ሰሌዳዎቹን እያገላበጠች መስመሩ መቼ እንደሚከፈልና መቼ እንደሚገጥም አጠናች። ማብራሪያው አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ የሚመስለው ኮከብ እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት ናቸው። አንዱ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ይርቃል፣ መስመሩም ይሰነጠቃል። ሁለቱም ወደ ጎን ሲሄዱ መስመሩ ተመልሶ አንድ ይሆናል። ፒከሪንግ ግኝቱን በ1889 ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሞሪ ቤታ አውሪጌ የተባለው ኮከብም እንዲሁ ጥንድ መሆኑን ራሷ አገኘች፤ እነዚያኛዎቹ በአራት ቀን ገደማ ዙራቸውን ይጨርሳሉ።

አንድ ነገር ግን ተሳስተው ነበር። ፒከሪንግ የምዛር ጥንዶች የሚዞሩት በ104 ቀን ነው አለ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ፖትስዳም ላይ ፎግል ሲለካው 20 ቀን ተኩል ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም። ሰሌዳዎቹ ጥቂት ስለነበሩ በየመካከሉ ብዙ ዙር አምልጧቸው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ብርሃን እንኳ ከማያመልጣቸው ብላክ ሆሎች ጋር የገጠመው ጣጣ የዚሁ የጊዜ እጥረት ነው፤ ልዩነቱ ቀኑ ዓመት፣ ዓመቱ ምዕተ ዓመት መሆኑ ነው።

1943 ለራያ የእሳት ዓመት ነበር፤ የቀዳማይ ወያኔ አመፅ የተነሳበት። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያው የዊልሰን ተራራ ሲሠራ የነበረው ካርል ሲፈርት በስድስት ጋላክሲዎች እምብርት ላይ ያየውን እንግዳ ነገር አሳተመ። የሃይድሮጂን መስመሮቻቸው እንደ ኮከብ መስመር ቀጭን መሆን ሲገባቸው በጣም የሰፉ ነበሩ። ጋዙ በሴኮንድ በሺዎች ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተተራመሰ ካልሆነ እንዲህ አይሰፋም። ምን ያሯሩጠዋል የሚለውን ያኔ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ከስድስቱ ጋላክሲዎች አንዱን፣ ኤንጂሲ 4151ን፣ አንባቢ ያዝ ያድርገው።

በየካቲት 1963፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን፣ የከዋክብት ተመራማሪው ማርተን ሽሚት 3ሲ 273 የምትባል የሬዲዮ ሞገድ የምትረጭ «ኮከብ» ስፔክትረም (የተበተነ ብርሃን) ላይ ዓይኑን ተክሎ ተቀምጦ ነበር። መስመሮቹ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ሁሉ ጋር አልገጥም ብለውት ቆይተዋል። ድንገት የታወቁት የሃይድሮጂን መስመሮች መሆናቸውን አስተዋለ፤ ያልተለዩት 16 በመቶ ያህል ወደ ቀዩ ስለሸሹ ብቻ ነው። ኮከብ የመሰለችው ነገር ከሁለት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ትርቃለች። ከዚያ ርቀት እንዲያ ደምቃ መታየቷ ከሙሉ ጋላክሲ በላይ ኃይል በጠባብ ቦታ ታመነጫለች ማለት ነው። ኳዛር የሚለው ስም ብዙም ሳይቆይ መጣ። በ1964 በሞስኮ ዜልዶቪች፣ በአሜሪካ ሳልፒተር፣ በ1969 ደግሞ እንግሊዛዊው ሊንደን-ቤል ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ተናገሩ፤ ከፀሐይ ሚሊዮንና ቢሊዮን ጊዜ የሚከብድ ብላክ ሆል ጋዝ እየዋጠ፣ ጋዙ ከመዋጡ በፊት እየዞረ ሲግል የሚፈነጥቀው ብርሃን ነው።

ከዚያ ወደ ጥንድ ብላክ ሆሎች ለመድረስ አንድ እርምጃ ነበር የቀረው፤ በ1980 ቤገልማን፣ ብላንድፎርድና ሪስ ተራመዱት። ጋላክሲዎች ይጋጫሉ፣ ይዋሃዳሉም። እያንዳንዳቸው በእምብርታቸው አንድ ግዙፍ ብላክ ሆል ካላቸው፣ የተዋሃደው ጋላክሲ ሁለት ይኖሩታል ማለት ነው። ሁለቱ በዙሪያቸው ያሉትን ከዋክብት እያሽቀነጠሩ ወደ መሐል ይሰምጣሉ፣ እየተቀራረቡም ይሄዳሉ። ጥቂት የብርሃን ዓመት ሲቀራቸው ግን የሚገፉት ኮከብ ያልቅባቸውና እዚያው ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ይቆማሉ። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ሰማይ ላይ ብዙ የቆሙ ጥንዶች መኖር አለባቸው።

የት አሉ ታዲያ? ቴሌስኮፕ አይለያቸውም። በቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ በአንድ የብርሃን ዓመት የሚራራቁ ሁለት ነገሮች የሃብል ቴሌስኮፕ ሊለይ ከሚችለው ከ200 ጊዜ በላይ ይጠባሉ። ስለዚህ ወደ ሞሪ ዘዴ መመለስ ግድ ሆነ። ማርቲን ጋስከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። አንዳንድ ኳዛሮች ሰፊ መስመራቸው ከቦታው ሸሽቶ ወይም ሁለት ጫፍ አውጥቶ ይታያል። ምናልባት እያንዳንዱ ጫፍ የየራሱ ብላክ ሆል የሚጎትተው ጋዝ ይሆናል። ሐሳቡ ያምራል። በ1996 ጋስከል 3ሲ 390.3 የምትባለው ጋላክሲ አንዱ ጫፍ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ማየቱንና 300 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ዙር እንደሚመስል ጻፈ።

ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። በ1989 ቼን፣ ሃልፐርንና ፊሊፔንኮ አርፕ 102ቢ በተባለች ጋላክሲ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ ብላክ ሆል ብቻውን በዙሪያው የሚዞር የጋዝ ዲስክ ካለው መስመሩ ሁለት ጫፍ እንደሚያወጣ አሳይተው ነበር። የዲስኩ አንድ ጎን ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ይርቃል፣ አንዱም ሁለት መስሎ ይታያል። በ1997 ኤራክሊየስ፣ ሃልፐርንና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን ጋላክሲዎች የብዙ ዓመት ስፔክትረም አሰባስበው ጥንድ ናቸው ቢባል ክብደታቸው ስንት መሆን እንዳለበት አሰሉ። መልሱ ከፀሐይ በአሥር ቢሊዮኖች እጥፍና ከዚያም በላይ ሆነ። ማንም የማይቀበለው ክብደት ነው። በእኔ እይታ ጋስከል አልተዋረደም፤ ጥያቄውን በሚለካ መልክ ያቀረበ እሱ ነው። ያፈረሱትም በእሱ መንገድ ሄደው ነው።

ለዚህ ሥራ የግድ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ካለ የ2000ን ጥናት ይመልከት። ካስፒ፣ ኔትዘርና ባልደረቦቻቸው 28 ኳዛሮችን ለሰባት ዓመት ተኩል ሲከታተሉ ቆይተው በ17ቱ ላይ የሰፊው መስመር ጋዝ ከብላክ ሆሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። ብልሃቱ ኳዛሩ ደመቅ ካለ በኋላ መስመሩ ስንት ቀን ዘግይቶ እንደሚደምቅ መጠበቅ ነው። ካገለገሏቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አንዱ በእስራኤል ያለው የዋይዝ ቴሌስኮፕ ነው፤ የመስታወቱ ስፋት 1 ሜትር። ይህች 1 ሜትር ቆይታ ትመጣለች።

በዚያው ዓመት በኒው ሜክሲኮ ተራራ ላይ የስሎን የሰማይ ቅኝት ተጀመረ። 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ አሠራሩ የእጅ ሥራም ነበረበት። ለእያንዳንዱ የሰማይ ክፍል አንድ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይዘጋጅ ነበር፤ ከዋክብቱና ጋላክሲዎቹ ባሉበት ቦታ ልክ 640 ቀዳዳ ይበሳበት ነበር። ቀን ላይ ሠራተኞች በየቀዳዳው የብርሃን ገመድ በእጃቸው ይሰኩ ነበር፤ ሌሊት 640 ስፔክትረም በአንድ ጊዜ ይገኝ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ የማያየውን ያህል ኳዛር በጥቂት ወራት ተቆለለ።

እኛ አገር ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። አገሪቱ በድርቅና በዳቦ ስትጨነቅ ሰማይ መቁጠር ምን ይሉታል ያለ ብዙ ነበር፤ ቅሬታው ዛሬም አልጠፋም። ሶሳይቲው ግን እንጦጦ ላይ ቦታ ይዞ ገንዘብ ማሰባሰብ ቀጠለ። በኋላ የእንጦጦን መርሐ ግብር የመሩት ዶ/ር ሰሎሞን በላይ የመጡትም ከዚሁ የምርምር መስክ ነው። በ2010 ከስዊድናዊው ኡልፍ ቶርከልሰን ጋር ያሳተሙት ጥናት መግነጢስ ባላቸው ከዋክብት ዙሪያ ስለሚዞር ቀጭን የጋዝ ዲስክ ነበር። ጋስከልን ያስቸገረው ዲስክ፣ በትንሹ።

በመጋቢት 2009 ቶድ ቦሮሰንና ቶድ ላወር በ«ኔቸር» መጽሔት አንድ ኳዛር ይዘው ብቅ አሉ። ከስሎን ቅኝት 17,500 ኳዛሮች መርምረው የመረጡት ነው። ስፔክትረሙን ቀረብ ብሎ ላየው አንድ ሳይሆን ሁለት ሙሉ የሰፋፊ መስመሮች ስብስብ አለው፤ በመካከላቸው በሴኮንድ 3,500 ኪሎ ሜትር ልዩነት። ስሌታቸው እንዲህ የሚል ነበር፤ አንደኛው ብላክ ሆል ከፀሐይ 800 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 20 ሚሊዮን ጊዜ ይከብዳል፤ የሚራራቁት በአንድ የብርሃን ዓመት ሲሶ ነው፤ ዙራቸውን በመቶ ዓመት ገደማ ይጨርሳሉ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የብላክ ሆሎች ምዛር ተገኘ የሚያሰኝ ነበር።

ራያን ቾርኖክና ባልደረቦቹ ቴሌስኮፕ ወደዚያው አዞሩ። ጥንድ ከሆነ ከመጀመሪያው መረጃ ወዲህ ባለው ጊዜ መስመሮቹ ሊለካ የሚችል ያህል መንቀሳቀስ ነበረባቸው። አልተንቀሳቀሱም። ከዚህም ሌላ የሃይድሮጂን አልፋ መስመርን ሲያጠኑ በቀዩ በኩል ማንም ያልጠበቀው ሦስተኛ ጉብታ አገኙ። ሁለት ብላክ ሆል ሁለት ጉብታ ይሰጣል፤ በቀይ በኩል የተንጠለጠለው ተጨማሪ ጉብታ የሚመስለው የዲስክን ጠርዝ ነው። በሬዲዮ የመረመሩት ሮቤልና ላዎር ደግሞ ሁለት የሬዲዮ ምንጭ አዩ፤ ነገር ግን የሚራራቁት በሺዎች የብርሃን ዓመት ነው። ጎረቤት ጋላክሲ እንጂ የቅርብ ጥንድ አይደለም።

እኔን የሚማርከኝ ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ቦሮሰን ክርክሩን ትቶ አልሄደም። በ2012 የወጣው ትልቁ ጥናት ላይ የጋስከልን ጥንዶች ያፈረሱት ኤራክሊየስና ሃልፐርን፣ ከእነሱም ጋር ቦሮሰን፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ ስማቸው ሰፈረ። 15,900 ያህል ኳዛሮችን አበጥረው ሰፊ መስመራቸው ከቦታው ጎልቶ የሸሸ 88 ለዩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አደረጉ፤ ደጋግሞ መለካት። በመጀመሪያው ዙር ፍጥነታቸው የተቀየረ 14 አገኙ። ጄሲ ራኖና ባልደረቦቿ ልኬቱን ቀጠሉበትና በ2017 ለውጣቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የማያወላዳ ሦስት ብቻ መሆናቸውን አሳተሙ። ከ15,900 ተነስቶ ሦስት። እነሱም ቢሆኑ ዕጩ ናቸው እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም፤ ዙራቸው ከአንድ ሰው ዕድሜ ሊረዝም ይችላልና።

አጭር ዙር ያለው ዕጩስ? በዚያው 2012 ሰርቢያዊው ኤዲ ቦን፣ ከጣሊያናዊቷ ፓኦላ ማርዚያኒና ከሌሎች ጋር፣ አንባቢ ያዝ እንዲያደርጋት የነገርኩትን ኤንጂሲ 4151ን አነሳ። ከ20 ዓመት በላይ የተጠራቀመ የሃይድሮጂን አልፋ መስመር ይዘው መስመሩ በ15.9 ዓመት እንደሚመላለስ፣ ይህም እንቁላል ቅርጽ ባለው ምሕዋር ላይ ካለ ጥንድ ጋር እንደሚስማማ ጻፉ። ሁሉም አልተቀበላቸውም። ግን አንድ ሰው በሥራ ዘመኑ ሁለት ዙር ሊያይ የሚችልበት ዕጩ ነው።

በ2015 እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የምርምር ቴሌስኮፕ ማዕከል ተመረቀ። ሁለት ቴሌስኮፖች ናቸው፣ ብርሃን የሚበትን መሣሪያም አላቸው። ስፋታቸው እያንዳንዳቸው 1 ሜትር። ወጪው 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን አብዛኛውን የሸፈኑት ሼህ መሐመድ አላሙዲ ናቸው። ከሥራቸው የአዲስ አበባ መብራት ተዘርግቷል፤ ክረምቱም ይዘጋቸዋል። መሥራቾቹ ይህን ከጅምሩ ስለሚያውቁ ዓይናቸውን ላስታ ላይ ጥለው ነበር። ከዋጃ ወደ ምዕራብ የሚታየው የተራራ ግድግዳ ማዶ፣ ላሊበላ ዙሪያ፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከከተማ መብራት የራቀ፣ አየሩም የሳሳ ነው። የተሻለው ቴሌስኮፕ እዚያ ይተከል የሚለው ሐሳብ ከእንጦጦ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

እንጦጦ በተመረቀበት ዓመት፣ መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ያሉት የላይጎ መሣሪያዎች ሁለት ብላክ ሆሎች ሲዋሃዱ የተነሳውን የስበት ሞገድ ያዙ። ከፀሐይ 36 እና 29 ጊዜ የሚከብዱ ነበሩ፤ ከኳዛሮቹ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። ቢሆንም ጥንድ ብላክ ሆል የሚባል ነገር በእውን እንዳለና እንደሚዋሃድ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠራጠር አልቀረም። በ2018 ደግሞ በቺሊ አራት ባለ 8 ሜትር ቴሌስኮፖችን እንደ አንድ አጣምሮ የሚያይ ግራቪቲ የተባለ መሣሪያ የሽሚትን 3ሲ 273 አየ። ሰፊውን መስመር የሚሰጠው ጋዝ በአንድ ብላክ ሆል ዙሪያ በሥርዓት ሲዞር አገኘው፤ የብላክ ሆሉም ክብደት ከፀሐይ 300 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሆነ።

ከመስከረም 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ቀን የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት 356ኛ ሲምፖዚየም አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ርዕሱ በጋላክሲዎች እምብርት ያለው እንቅስቃሴ ነበር። ካዘጋጁት አንዷ ከ2016 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪዎችን ስታሠለጥን የቆየችው ሰርቢያዊቷ ሚርያና ፖቪች ናት። የጉባኤውን መጽሐፍ ካሰናዱት መካከል ዶ/ር ሰሎሞን በላይ፣ ሃጋይ ኔትዘርና ፓኦላ ማርዚያኒ ይገኙበታል። ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ለዓመታት ከሠራው ቡድን አንዱ፣ የኤንጂሲ 4151ን ዙር ካሰሉት አንዷ፣ ከእንጦጦው ሰው ጋር በአንድ መጽሐፍ ማለት ነው። የስሎን 88 ኳዛሮች ለ1 ሜትር መስታወት በጣም ደብዛዛ ናቸው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ኤንጂሲ 4151 ግን በቂ ደማቅ ናት። በእኔ ግምት እንጦጦ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚያንሰው መስታወት አይደለም፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሳያቋርጥ የሚመድብ በጀትና የሚተካካ ባለሙያ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ላሊበላ ላይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች፤ ላስታም ለአንድ ቀን የዓለም መነጋገሪያ ሆነች። በዓመቱ ክረምት በትግራይ የተነሳው ጦርነት ቆቦንም ላሊበላንም አዳረሰ። በእነዚያ ወራት ራያ ላይ ሰማይ የሚያይ ሰው ድሮን የሚፈራ ሰው ነበር።

በሰኔ 2023 በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በህንድ፣ በአውስትራሊያና በቻይና ያሉ ቡድኖች በአንድ ቀን ተመሳሳይ ዜና ይዘው ወጡ። ፐልሳር የሚባሉትን በየጊዜው ምት የሚልኩ ከዋክብት ለዓመታት ተከታትለው ነበር፤ የአሜሪካኖቹ ብቻ 15 ዓመት። ምቱ በጣም በጥቂቱ ቀደም፣ በጣም በጥቂቱ ዘግየት ይል ነበር፤ ያውም በሰማይ ላይ እርስ በርሱ በተያያዘ ሁኔታ። ቀላሉ ማብራሪያ ከየአቅጣጫው የሚመጣ የስበት ሞገድ ጉምጉምታ ነው፤ ጉምጉምታውን የሚያሰሙትም እጅግ ግዙፍ የብላክ ሆል ጥንዶች ናቸው። የቤገልማን፣ የብላንድፎርድና የሪስ የ1980 ስሌት በጥቅሉ ድጋፍ አገኘ። የትኛው ጋላክሲ ውስጥ ለሚለው ግን ጉምጉምታው መልስ የለውም።

በጥር 2024 የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሊሳ የተባለውን ተልእኮ አጸደቀ፤ በ2035 ገደማ በ2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሦስት መንኮራኩሮች ይመጥቃሉ። ሊሳ የሚሰማው በአብዛኛው ከፀሐይ ከሺዎች እስከ አሥር ሚሊዮኖች ጊዜ የሚከብዱትን ነው። እነ ቦሮሰን ያሰቡት ዓይነት፣ 800 ሚሊዮን የሚከብደው፣ ከሊሳ ጆሮ ውጭ ነው። እሱን በስም ጠርቶ፣ በሰማይ ላይ ቦታውን ጠቁሞ ጥንድ ነው ለማለት አሁንም ካሉት መንገዶች አንዱ የሚሰነጠቅ የሃይድሮጂን መስመር ነው። የራኖ ሦስት ዕጩዎችም የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው።